ከክፍያው ይጀምሩ፦ ለትንሽ የኦንላይን ሱቅ የክፍያ መንገድና ካርት አመራረጥ

ኦንላይን ሱቅ ልክፈት የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልገው ዌብሳይት የሚሠራለት ልጅ ነው። ዲዛይኑ አምሮ፣ ፎቶው ተነሥቶ፣ ካርቱ (ደንበኛው ዕቃ መርጦ የሚያዝዝበት ፕሮግራም) ተተክሎ ካለቀ በኋላ «ክፍያውስ እንዴት ይሁን?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ይሻላል። የሚያምር ካርት ሞልቷል፤ የቴሌብርንና የንግድ ባንክን ክፍያ ተቀብሎ የትኛው ብር የየትኛው ትዕዛዝ እንደሆነ በራሱ የሚለይ ግን ብዙ የለም።

ይህ መመሪያ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ አንዲት ክፍል ይዞ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ሠራተኛ ጋር ለከተማው ለሚሸጥ ሰው ነው። ለምሳሌ እንዲመች ፒያሳ ያለ የቆዳ ቦርሳ ሱቅ እንያዝ፤ የቦርሳው ዋጋ 2,850 ብር ይሁን።

1. ዌብሳይት ያስፈልግዎት እንደሆነ ይለዩ

በቀን ከአሥር የማይበልጥ ትዕዛዝና ከሠላሳ የማይበልጥ የዕቃ ዓይነት ካለዎት የቴሌግራም ቻናል፣ የቴሌብር የነጋዴ አካውንትና አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃዎታል። ሰንጠረዡ ግን በሥርዓት ይያዝ፦ የትዕዛዝ ቁጥር፣ የደንበኛ ስልክ፣ ዕቃ፣ መጠን፣ የክፍያው መለያ ቁጥር፣ የተረጋገጠበት ሰዓት፣ ያረጋገጠው ሠራተኛ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች ብዙ ሱቅ ይዘላቸዋል፤ ጠብ ሲነሣ የሚፈለጉት ግን እነሱ ናቸው።

ወደ ካርት መሸጋገሪያው ጊዜ በሁለት ምልክት ይታወቃል። ማታ ሂሳብ ማስታረቁ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሲወስድ አንዱ ነው። ሌላው ያለቀ ዕቃ ለሁለት ሰው ሲሸጥ ነው። ከዚያ በፊት ለዌብሳይት የሚወጣ ገንዘብ ለዕቃ ቢውል ይሻላል።

2. በእጅ የሚረጋገጠውን ክፍያ መጀመሪያ ያስተካክሉ

ጌትዌይ (የደንበኛን ክፍያ ተቀብሎ ለሱቁ የሚያስተላልፍ አገናኝ ድርጅት) ቢያስገቡም ቀጥታ ወደ ባንክ ሂሳብ የሚያስገባ ደንበኛ አይጠፋም። ስለዚህ ይህን ክፍል አይዝለሉት።

ስክሪንሹት ክፍያ አይደለም። መጠኑንና ስሙን ቀይሮ ማዘጋጀት ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ሥራ ነው፤ የሌላ ሰው መልእክት ፎርዋርድ ማድረግም እንዲሁ። ገንዘብ መግባቱ የሚረጋገጠው በእርስዎ በኩል ብቻ ነው፦ በራስዎ የቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ የግብይት ዝርዝር ላይ፣ አለዚያም ከ127 ወደ ራስዎ ስልክ በገባ መልእክት። የንግድ ባንክ ማስተላለፍ ከሆነ በኤፍ ቲ የሚጀምረውን ቁጥር ይቀበሉና ከሂሳብዎ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ስልኩ ባለቤቱ ዘንድ፣ ዕቃው ደግሞ ሠራተኛው ዘንድ ከሆነ ማረጋገጡ በስልክ ጥሪ ይሆናል፤ ስህተት የሚገባውም እዚያ ላይ ነው። ባንክዎንና ቴሌብርን ለሠራተኛ የማየት ፈቃድ ብቻ ያለው መግቢያ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።

እውነተኛ ደረሰኝም ያታልላል። ጠዋት ለአንዱ ሠራተኛ የተላከው ቁጥር ከሰዓት በኋላ በሌላ ስልክ ለሌላው ሠራተኛ ይላካል፤ ሁለቱም አረጋግጠው ዕቃ ያወጣሉ። መከላከያው ቀላል ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ የክፍያ መለያ ቁጥር ዓምዱ የተደገመ ነገር ሲገባበት ቀይ እንዲሆን ያዝዙት።

ሌላው ራስ ምታት የከፋዩ ስም ነው። ያዘዘችው እኅት፣ የከፈለው ባል፣ የሚቀበለው የቢሮ ጥበቃ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት 2,850 ብር ከገባ የቱ የማን እንደሆነ ከስሙ አይታወቅም። ደንበኛው ሲያስተላልፍ «ምክንያት» በሚለው ቦታ የትዕዛዙን ቁጥር ብቻ እንዲጽፍ ይንገሩት። «የቦርሳ» ብሎ መጻፍ ለእርስዎ ምንም አይነግርም፤ «1047» ግን ሁሉን ይነግራል።

በግል የቴሌብር አካውንት አይሽጡ። የግል አካውንት የቀን ዝውውርና የቀሪ ሂሳብ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው የሚሞላው ደግሞ ገበያ በደራበት ቀን ነው። የሱቁ ብርና የአስቤዛው ብር አንድ ላይ ከተቀላቀለም ማስታረቅ የሚባል ነገር አይኖርም።

3. የክፍያ ጌትዌይ ይምረጡ

ቻፓ፣ አሪፍፔይ፣ ሳንቲምፔይና አዲስፔይ የመሳሰሉ ድርጅቶች በአንድ ውል በርካታ ዋሌቶችንና (እንደ ቴሌብር ያሉ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶችንና) ባንኮችን ያገናኛሉ። ቴሌብርን ያለ አገናኝ በቀጥታ ማስገባትም ይቻላል፤ ግን የምስጢር ቁልፎችን (የሱቁና የክፍያው ሰርቨሮች የሚተዋወቁባቸውን የይለፍ ቃላት) አያያዝ የሚያውቅ ፕሮግራመር በቋሚነት ያስፈልጋል። ፕሮግራመር ለሌለው ሱቅ ጌትዌይ ይሻላል፤ ኮሚሽኑ ከፕሮግራመር ክፍያ ያንሳል።

የሚያነጋግሩት ድርጅት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑን መጀመሪያ ያጣሩ። ባንኩ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ያወጣቸው መመሪያዎች የዋሌት አውጪዎችንና የክፍያ ሥርዓት ኦፕሬተሮችን ለየብቻ ፈቃድ እንዲያወጡ ያስገድዳሉ። ከዚያ እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በስልክ የተነገረ ቃል ውል ውስጥ ላይገኝ ይችላል።

*የትኞቹ ክፍያዎች ዛሬ ይሠራሉ?* በዝርዝር ላይ ያለ ሁሉ አይሠራም። ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብርና ኤምፔሳ በእውነተኛ ሱቅ ላይ ሲሠሩ በዓይንዎ ይዩ፤ የሌላ ነጋዴ ገጽ ላይ ገብቶ ትንሽ ዕቃ መግዛት ከሁሉ ፈጣኑ ማጣሪያ ነው።

*ኮሚሽኑ ስንት ነው፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካቶበታል?* ለምሳሌ ያህል 3 በመቶ ነው ቢባሉ ከ2,850 ብር ላይ 85.50 ብር ነው። ታክሱ ያልተካተተ ከሆነ በዚያ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 12.83 ብር ይጨመራል። በእጅዎ የሚገባው 2,751.67 ብር፣ እውነተኛው ኮሚሽን ደግሞ 3.45 በመቶ ነው። ወጪውን ዋጋ ላይ ለመጫን ከፈለጉ 98.33 ብር መደመር አይበቃም፤ ኮሚሽኑ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ስለሚቆረጥ እንደገና ይጎድላል። ትክክለኛው ስሌት 2,850ን ለ0.9655 ማካፈል ነው፤ 2,951.84 ብር ይመጣል። በውልዎ ላይ ያለውን ቁጥር ተክተው ያስሉት። እኛ ብንመክር ግን ኮሚሽኑን ዋጋው ውስጥ አካተው 2,950 ብር ይበሉት፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚል መስመር ያየ ደንበኛ ገጹን ዘግቶ ይወጣል።

*ገንዘቡ ወደ ባንክ ሂሳቤ መቼ ይገባል?* «በማግስቱ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ምን እንደሚሆን ይጠይቁ። የእንቁጣጣሽ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማ ሽያጭ የሚበዛበት፣ መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭም ጥሬ ገንዘብ የሚጠብቅበት ጊዜ ነው። ሽያጭዎ ጌትዌዩ ዘንድ ተቀምጦ ባንክ ከተዘጋ ዕቃ የሚያመጡበት ገንዘብ አይኖርዎትም።

*ለደንበኛ መመለስ ሲኖር እንዴት ይደረጋል?* ከዳሽቦርድ (ከጌትዌዩ መቆጣጠሪያ ገጽ) በአንድ ቁልፍ ይመለሳል ወይስ እርስዎ በእጅዎ ይልካሉ? የተቆረጠው ኮሚሽንስ ይመለሳል?

ለምዝገባ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባለቤቱ መታወቂያና በፈቃዱ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይጠየቃሉ። ማመልከቻ የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ የስም አጻጻፍ ነው፤ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም በፈቃዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በባንክ ሂሳቡ ላይ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ሰነዶቹን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ ልዩነት ካለ መጀመሪያ ባንኩ ዘንድ ያስተካክሉ። በፈቃዱ ላይ ያለው የንግድ ዘርፍም ከሚሸጡት ዕቃ ጋር ይገናኝ።

ከውጭ አገር ለቤተሰብ ስጦታ የሚያዝዝ ደንበኛ ካለዎት ስትራይፕ በኢትዮጵያ ለሚገኝ ነጋዴ አካውንት እንደማይከፍት አስቀድመው ይወቁ። የውጭ ካርድ የሚቀበል የአገር ውስጥ ጌትዌይ መፈለግ ያስፈልጋል። የካርድ ክፍያ ከወራት በኋላም በባለካርዱ ክርክር ሊመለስ ስለሚችል ዕቃውን የተቀበለው ሰው ስምና ፊርማ ይያዝልዎ።

4. አሁን ካርቱን ይምረጡ

ጥያቄው አንድ ነው፦ የመረጡት ጌትዌይ ለየትኛው ካርት የተዘጋጀ ፕለጊን (ካርቱ ላይ የሚጨመር ማገናኛ) አለው? ፕለጊኑ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደታደሰም ይዩ። ዓመት ያልተነካ ፕለጊን ካርቱ ሲታደስ ሊሰበር ይችላል።

ዉኮሜርስ በዎርድፕረስ (ዌብሳይት መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ በነጻ የሚተከል ካርት ነው፤ ብርን እንደ መገበያያ ገንዘብ ያውቃል፣ ለአገር ውስጥ ጌትዌዮች የተሠራ ፕለጊንም ይገኝለታል። ነጻ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የሰርቨር ኪራይ)፣ ዶሜይን (የዌብሳይቱ የአድራሻ ስም)፣ በየወሩ ማደስና ባክአፕ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል።

ሾፒፋይ በወር ክፍያ የሚከራዩት ካርት ነው፤ ለአያያዝ ይቀላል። የራሱ የክፍያ አገልግሎት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም፤ የሌላ ጌትዌይ ሲጠቀሙ ቤዚክ በሚባለው ጥቅሉ ላይ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ ይቆርጣል፣ ይህም በጌትዌዩ ኮሚሽን ላይ የሚጨመር ነው። ሲደርስ የሚከፈልንና የባንክ ማስተላለፍን በመሰለ በእጅ የሚረጋገጥ ክፍያ ላይ ይህን አይቆርጥም። የወር ክፍያው በዶላር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ገቢዎ በብር ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። ካርድዎ አንድ ወር ሳይቆረጥ ከቀረም ሱቁ ይዘጋል።

በልክ የሚሠራ ዌብሳይት ካሠሩ ከኮዱ ጥራት በፊት ሦስት ነገር በውል ይያዙ፦ ዶሜይኑ በማን ስም ነው የተመዘገበው፣ የሆስቲንጉ መግቢያ ማን ዘንድ ነው፣ የጌትዌዩን የምስጢር ቁልፍ ማን ያውቃል። ሠሪው ስልኩን ማንሣት ባቆመ ጊዜ ስሙ የእርስዎ ያልሆነ ዶሜይን የእርስዎ ሱቅ አይደለም።

5. ቼክአውቱን (የአድራሻና የክፍያ መሙያ ገጹን) ለከተማው ያስተካክሉ

ካርቶቹ የተሠሩት ለሌላ አገር አድራሻ ነው። ፖስታ ኮድን፣ «ስቴት»ንና «አድራሻ 2»ን ያጥፉ። በምትካቸው አሥራ አንዱን ክፍለ ከተሞች በዝርዝር ያስገቡ፤ ከዚያ «ሰፈር» እና «የሚታወቅ ምልክት» የሚሉ ሁለት ክፍት ቦታዎች። «ሜክሲኮ፣ ከአደባባዩ ወደ ሳር ቤት ሲኬዱ በስተቀኝ» የሚለው ጽሑፍ ለሞተረኛው ከቤት ቁጥር በላይ ይረዳዋል። የፒያሳና የካዛንቺስ የቆዩ ደንበኞች አድራሻ ካለዎት እንደገና ያጣሩ፤ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማቱ ብዙ ምልክት ፈርሷል፣ ብዙ ሰውም ተነሥቷል።

የስም ቦታውን «ስም» እና «የአባት ስም» ይበሉት። ኢሜይልን ግዴታ አያድርጉ፤ ጌትዌዩ የግድ ከፈለገ ካርቱ ከስልክ ቁጥሩ የሱቅዎ ዶሜይን ያለበት አድራሻ እንዲሠራ ያስደርጉ።

ስልክ ቁጥር ላይ ጊዜ ይስጡ። ደንበኛ በ09፣ በ07፣ በ9፣ በ251፣ በመደመር ምልክትና በክፍተት እያደረገ ይጽፋል። ሁሉንም ተቀብሎ ክፍተቱን አውጥቶ፣ መነሻውን ቆርጦ፣ 251 እና ዘጠኝ አኃዝ አድርጎ የሚያስቀምጥ ማጣሪያ ይኑር። 09 ብቻ የሚቀበል ማጣሪያ የሳፋሪኮም ደንበኞችን በሙሉ ከበር ይመልሳል።

ሰዓትም እንዲሁ። የዌብሳይቱን የሰዓት ቀጠና አዲስ አበባ ላይ ያድርጉ። በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተተወ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተሸጠው በቀደመው ቀን ይመዘገባል፤ የቀኑ ሽያጭ ከቴሌብር መግለጫ ጋር አልገጥም የሚለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። የማድረሻ ሰዓት ምርጫውን «14:00» ብለው አይተዉት፤ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብለው ይጻፉት።

የአማርኛ ማረጋገጫ መልእክት በኤስኤምኤስ ሲላክ አንዱ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን ቢሆን 160 ነበር። 71ኛው ፊደል ሁለተኛ መልእክት ያስከፍልዎታል። «ትዕዛዝ 1047 ተከፍሏል። ነገ ከ4-6 ሰዓት ይደርሳል።» ይበቃል። ካርቱ በፒዲኤፍ የሚያወጣው ወረቀት ላይ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ፕለጊኑ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ስለሌለ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይጨምሩለት። ይህ ወረቀት፣ የጌትዌዩም ማረጋገጫ፣ የታክስ ደረሰኝን እንደማይተካ ለሠራተኛዎ ይንገሩ።

«ሲደርስ ይከፈላል» የሚለውን ምርጫ ማጥፋት ይከብዳል፤ ደንበኛው ዕቃውን አይቶ መክፈል ለምዷል። ያለ ቀብድ ግን አይፍቀዱት። ቢያንስ የማድረሻውን ሂሳብ በቴሌብር አስቀድሞ ይክፈል፤ ያኔ ስልክ የማያነሣ ደንበኛ ቢያጋጥም ኪሳራው የእርስዎ ብቻ አይሆንም።

6. ክፍያው ተፈጽሞ ትዕዛዙ «ያልተከፈለ» ሆኖ እንዳይቀር

ብዙው አቤቱታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደንበኛዋ ቦርሳውን መርጣ ወደ ቴሌብር ትሻገራለች፣ የምስጢር ቁጥሯን ታስገባለች፣ ብሩ ይቆረጣል። ወደ ሱቁ ገጽ የሚመልሳት ሊንክ ሳይከፈት ዳታዋ ያልቃል ወይም ስልኳ ይጠራል። ካርቱ የክፍያውን መጨረሻ የሚያውቀው በዚያ ሊንክ ብቻ ከሆነ ትዕዛዙ በመጠባበቅ ላይ ይቀራል። ዉኮሜርስ ደግሞ ካልነኩት በስተቀር ያልተከፈለ ትዕዛዝን በ60 ደቂቃ ይሰርዝና ቦርሳውን ወደ መደርደሪያ ይመልሳል፤ ሌላ ሰው ይገዛዋል።

መፍትሔው የጌትዌዩ ሰርቨር ለሱቅዎ ሰርቨር በቀጥታ የሚልከው መልእክት፣ ኮልባክ የሚባለው፣ መሥራቱን ማረጋገጥ ነው። የማይደርስበት የተለመደ ምክንያት የሆስቲንጉ ፋየርዎል (የጥበቃ ማጣሪያው) እንደ ሮቦት ቆጥሮ ስለሚያግደው ነው፤ ያንን አድራሻ ብቻ ነጻ ያስደርጉ። መልእክቱ ሲደርስም ካርቱ ዝም ብሎ አይመነው። የግብይቱን መለያ ይዞ ጌትዌዩን መልሶ ይጠይቅ፤ ሁኔታው፣ መጠኑና የገንዘቡ ዓይነት ከትዕዛዙ ጋር ሲገጥም ብቻ «ተከፍሏል» ይበል። መጠኑን የማያመሳክር ፕለጊን 2,850 ብሩን ቦርሳ በ1 ብር ሊሸጥ ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። በዉኮሜርስ የባንክ ማስተላለፍን የመረጠ ደንበኛ ትዕዛዙ «በይደር» ይያዛል፣ ዕቃውም ከክምችት ይቀነሳል፤ የ60 ደቂቃው ስረዛ ግን ይህን አይነካውም። ሳይከፍል የጠፋ ሰው የመጨረሻዋን ቦርሳ ለሳምንታት ቆልፎ ሊይዝ ይችላል። በየማታው 24 ሰዓት ያለፋቸውን እየፈተሸ የሚሰርዝ ሠራተኛ ይመድቡ።

7. ከመክፈትዎ በፊት ይሞክሩ

በሙከራ ቁልፍ (እውነተኛ ብር በማያንቀሳቅሰው የጌትዌዩ ቁልፍ)፣ በርካሽ የአንድሮይድ ስልክ፣ በዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ፦

1. ክፍያው ካለቀ በኋላ ብራውዘሩን ወዲያው ይዝጉ። ትዕዛዙ በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ተከፍሏል» ማለት አለበት።
2. የተሳሳተ የምስጢር ቁጥር ያስገቡ፤ ያው ካርት ዕቃው ሳይጠፋ እንደገና ለመክፈል ይፍቀድ።
3. የመክፈያ ቁልፉን ሁለት ጊዜ በፍጥነት ይጫኑ። ሁለት ትዕዛዝ ከተፈጠረ ሠሪው ያስተካክል።
4. አንድ የቀረ ዕቃ ላይ በሁለት ስልክ አብረው ይግዙ።
5. «ፀጉር» እና «ጸጉር» ብለው ይፈልጉ፤ አንዱ ብቻ ከመጣ የዕቃው መለያ ቃላት ላይ ሁለቱንም አጻጻፍ ይጨምሩ።

የዕቃው ገጽ በሞባይል ዳታ ቀስ ብሎ ከመጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፎቶ ነው። እያንዳንዱን ፎቶ ከ150 ኪሎባይት በታች ያሳንሱት።

ሁሉም ካለፈ የሙከራ ቁልፉን በእውነተኛው ይተኩ፤ በልክ የተሠራ ዌብሳይት ከሆነ ቁልፉን ራስዎ ዳሽቦርዱ ላይ ገብተው አዲስ ያውጡ፣ በቴሌግራም የተላከውን የድሮውን ያሰርዙ። የ10 ብር ዕቃ ፈጥረው በቴሌብር፣ በሲቢኢ ብርና በኤምፔሳ በእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ይግዙ፣ አንዱን ይመልሱ። በውሉ በተባለው ቀን የሁለቱ ሽያጭ ገንዘብ ኮሚሽኑ ተቀንሶለት ባንክ ሂሳብዎ ውስጥ በትክክል መግባቱን እስኪያዩ ድረስ ሊንኩን ቻናልዎ ላይ አይልቀቁ።